ከእጄ የማይወጣ ቦርሳ፦ ካሜራና ላፕቶፕ ይዤ ከጅማ አዲስ አበባ ስመላለስ የተማርኩት

ጥር 2014 ዓ.ም. ነበር። አዲስ አበባ ላይ ሰርግ ለማንሳት ከጅማ ልበር ነው። የሙሽራው ቤተሰቦች የጅማ ሰዎች ናቸው። «ሌላ ሰው አናውቅም፣ አንቺው ነሽ የምታነሺልን» ብለው የአውሮፕላን ትኬት ቆርጠውልኛል። ከዚያ በፊት ለሥራ የምሄደው በአውቶቡስ ነበር። ካሜራ ይዤ ስበር ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ሁሉንም ዕቃዬን በአንድ ትልቅ የጀርባ ቦርሳ አጨቅሁት። ሁለት ካሜራ፣ አራት ሌንስ፣ ፍላሽ፣ ባለ 15 ኢንች ላፕቶፕ፣ ቻርጀሮች፣ ሃርድ ዲስክ። ዚፑን ስዘጋ በጉልበቴ ተጭኜው ነበር። አባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ ደርሼ ፍተሻውን አለፍኩ። አውሮፕላኑ በር ሥር ስደርስ ግን አንዱ ሠራተኛ ቦርሳዬን አይቶ «እህት፣ ይሄ ላይ አይገባም፤ ታች ይሄዳል» አለኝ።

ወደ ጅማ ብዙ ጊዜ የሚመላለሰው ባለ ፕሮፔለሩ ዳሽ 8 ኪው 400 አውሮፕላን ነው። ከመቀመጫው በላይ ያለው የዕቃ ማስቀመጫ ከትልልቆቹ አውሮፕላኖች በጣም ያነሰ ነው። እኔ ይህን አላውቅም። ለመንኩ። ልጁ በትህትና ሰማኝ፣ ግን ቦርሳውን ራሱ አንስቶ ክብደቱን ሲያይ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ «ባትሪ አለው?» ብሎ ጠየቀኝ። ትርፍ ባትሪና ፓወር ባንክ ታች መሄድ አይችልም። ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል። አስፋልቱ ላይ ተንበርክኬ ቦርሳውን ከፈትኩ፣ ባትሪዎቹን እየለቀምኩ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ጨመርኩ፣ ሌንሶቹን ወደ ቦታቸው መለስኩ፣ ዘጋሁ። በችኮላ።

አዲስ አበባ ደርሼ ላፕቶፑን ስከፍተው ስክሪኑ ከመሃል ተነስቶ እስከ ዳር ተሰነጣጥቋል። ሩቁን የሚያቀርበውን ትልቁን 70-200 ሌንሴን (ሌንሶችን የምንጠራው በቁጥራቸው ነው) በችኮላ ያስገባሁት ከላፕቶፑ ክዳን ጋር አፍ ለአፍ ነበር። አንድ ኪሎ ተኩል የሚመዝን ብረትና መስታወት ቀጭን ስክሪን ላይ ተደግፎ ተጓዘ። ሰርጉን አነሳሁ። ግን ሌሊቱን ሙሉ ፎቶውን የምገለብጥበት አጥቼ ከሙሽራዋ ወንድም ላፕቶፕ ተውሼ ነው ያደርኩት። ያን ሌሊት ምንም እንቅልፍ አልወሰደኝም። የሰው ሰርግ በሁለት ሚሞሪ ካርድ ላይ ተንጠልጥሎ ማደር ምን እንደሚመስል ያየው ያውቀዋል።

ጥፋቱ የኔ ነው። ትኬቴ ላይ በእጅ የሚያዝ 7 ኪሎ ተብሎ ተጽፏል። መጠኑም 55 በ40 በ23 ሳንቲ ሜትር ተብሏል። አላነበብኩትም። ይህን ሁሉ የምጽፈውም ከመብረራችሁ በፊት ወይም ቦርሳ ከመግዛታችሁ በፊት እንድታነቡት ነው።

ከዚያ ጉዞ ስመለስ የወሰንኩት አንድ ነገር ትክክል ነበር፤ ሌላው ስህተት። ትክክሉ የትከሻ ቦርሳ ይሻለኛል ማለቴ ነው። በጀርባ ቦርሳ ሠርቼ ስላየሁት ነው። ሌንስ ለመቀየር በፈለግሁ ቁጥር ከጀርባዬ አውርጄ መሬት ላይ ማስቀመጥ አለብኝ። ጅማ ውስጥ ደግሞ መሬቱ ብዙውን ጊዜ ወይ ጭቃ ነው ወይ እርጥብ ሣር። ገበያ ውስጥ ከኋላዬ ማን ዚፑን እንደሚነካ አላይም። ባጃጅ ውስጥ ስገባ ጀርባዬ ላይ አይመች፣ ጭኔ ላይ አይመች። የትከሻ ቦርሳ ግን ወደ ፊት ይዞራል፣ ቆሜ እከፍተዋለሁ፣ ባጃጅ ውስጥ ጭኔ ላይ ይቀመጣል፣ አውሮፕላን ውስጥ ከፊቴ ካለው መቀመጫ ሥር ይገባል። በአውቶቡስ ስሄድም እንደዚያው። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጊቤን ወርዶ እስኪወጣ ድረስ ያለውን መንገድ ላፕቶፕ ወለል ላይ አስቀምጦ መጓዝ አይመከርም። ጭን ላይ ነው የሚያዘው።

ስህተቱ የቦርሳው መጠን ላይ ነው። አዲስ አበባ አንድ ሱቅ ገብቼ ያለውን ትልቁን የትከሻ ካሜራ ቦርሳ ገዛሁ። «ሁሉን ይችላል» አለኝ ሻጩ። እውነቱን ነው፣ ሁሉንም ቻለ። ያልቻለችው ትከሻዬ ናት። ባዶውን ብቻ 2 ኪሎ ከ300 ይመዝናል። ጠንካራ ነው፣ ክፍፍሉ ብዙ ነው፣ ኪሱ ብዙ ነው። ኪስ በበዛ ቁጥር የሚሞላው ነገር አይጠፋም። ሳላስበው ትርፍ ኬብል፣ የማልጠቀምበት የሌንስ ማጣሪያ፣ የድሮ ቻርጀር ሁሉ ይዤ መዞር ጀመርኩ።

በአንድ ወር ውስጥ ግራ ትከሻዬና አንገቴ መታመም ጀመረ። ጠዋት ስነሳ አንገቴን ማዞር ይከብደኛል። እናቴ ቅባት እያሸችኝ «ልጄ፣ ይሄ ሥራ ነው ወይስ ሸክም?» ትለኛለች። እኔ ግን የከፈልኩበትን ገንዘብ እያሰብኩ ቦርሳውን ልተወው አልቻልኩም። ለአንድ ቦርሳ ብዙ ገንዘብ ከፍላችሁ ከሆነና ሰውነታችሁ ካልተቀበለው፣ እባካችሁ ሽጡት። እኔ ስድስት ወር አባከንኩ።

ከዚያ መንጠቆው ተሰበረ። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ከባጃጅ ስወርድ ማንገቻውን ከቦርሳው ጋር የሚያያይዘው መንጠቆ ለሁለት ተከፈለ። ፕላስቲክ ነው። ቦርሳው በጎኑ አስፋልቱ ላይ ወደቀ። ካሜራው ተረፈ። የ85 ሌንሴ ግን ፊቱ ላይ ያለው የማጣሪያ ቀለበት ተጣመመ። ቦርሳ ስታዩ ሁሉም ሰው የሚያየው ውስጡን ነው። እኔ አሁን መጀመሪያ የማየው ማንገቻው የተያዘበትን ቦታ ነው። መንጠቆው ብረት መሆን አለበት። ማንገቻው ከቦርሳው ጎን ላይ ብቻ የተሰፋ ከሆነ አልቀበለውም። ወርዶ ከታችኛው ክፍል ጋር መሰፋት አለበት። ስፌቱ በአራት ማዕዘን ተሰፍቶ መሃሉ በመስቀል የታሰረ ከሆነ ጥሩ ነው። አንድ መስመር ክር ብቻ ከሆነ ዕቃችሁን የያዘው ያ አንድ መስመር ነው።

ቀጥሎ ክረምት መጣ። የጅማን ክረምት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሰኔ ከገባ እስከ መስከረም ልብስ እንኳ በቅጡ አይደርቅም። እኔ ሥራ ሲቀዘቅዝ ዕቃዬን እዚያው ቦርሳ ውስጥ ዘግቼ አልጋ ሥር አስቀመጥኩ። ስፖንጅ ስላለው ይጠብቀዋል ብዬ። መስከረም ላይ አውጥቼ የ50 ሌንሴን ወደ ብርሃን አድርጌ ስመለከት ውስጡ የሸረሪት ድር የመሰለ ነጭ ነገር አየሁ። ሻጋታ ነው። ሌንስ ውስጥ ሻጋታ ከገባ ከውጭ ጠርጎ ማውጣት አይቻልም። መፈታት አለበት፣ ከቆየ ደግሞ የመስታወቱን ሽፋን በልቶ ምልክት ይተዋል።

ቦርሳ መያዣ እንጂ ማስቀመጫ አይደለም። ስፖንጁና ጨርቁ እርጥበት ይዞ ይቆያል፣ ጨለማ ነው፣ አየር የለውም። ሻጋታ የሚወደው ይህንኑ ነው። ከሥራ ስትመለሱ ዕቃውን አውጡት። ቦርሳውን ገልብጣችሁ ከፍታችሁ አስተንፍሱት። ሌንሶቹን በደንብ የሚዘጋ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አድርጉ፤ የእህል ማስቀመጫ ቢሆን ይበቃል። ከጫማ ካርቶን ውስጥ የምታገኟቸውን «አይበላም» የሚል የተጻፈባቸውን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች አትጣሉ። ሰብስባችሁ እዚያ ውስጥ ጨምሩ፤ ሲቆዩ ግን መጠው ስለሚጠግቡ በየጊዜው ቀይሯቸው። ፀሐይ በወጣ ቀን ደግሞ ካሜራውን አውጥታችሁ ተጠቀሙበት። የሚሠራበት ሌንስ ቶሎ አይሻግትም።

ነገሩ የተለወጠልኝ በዚያው መስከረም ነው። እኛ ሰፈር በፊልም ዘመን ፎቶ ቤት የነበራቸው አንድ ጋሼ አሉ። አሁን አርጅተዋል። ቡና ላይ የትከሻዬን ነገር፣ የስክሪኑን፣ የሻጋታውን ሁሉ ነገርኳቸው። «አሁን ደግሞ ሌላ ቦርሳ ልገዛ ነው» አልኩ። ዝም ብለው ሰሙኝና «ዕቃሽ ስንት ኪሎ ነው?» አሉኝ። አላውቅም። «ዕቃሽን ሳታውቂ ቦርሳ እንዴት ትመርጫለሽ፣ የኔ ልጅ? ሂጂና አስመዝኚው» አሉኝ።

ጎረቤታችን ቡና ይሰበስባል። ሚዛን አለው። ቦርሳዬን እንዳለ ሚዛኑ ላይ አወጣሁት። 10 ኪሎ ከ600። ጎረቤቴ «ይሄስ ጀንፈል ቢሆን ጥሩ ነበር» አለ። እኔ ደነገጥኩ። ከዚያ አንድ በአንድ መዘንን። ካኖን 5ዲ ማርክ 3 ከነባትሪው 950 ግራም። ሁለተኛው 6ዲ 770። የ24-70 ሌንስ 805። የ70-200 ሌንስ 1490። 85ቱ 425። 50ው 160። ፍላሹ ከነባትሪዎቹ ግማሽ ኪሎ ያልፋል። ላፕቶፑ 2 ኪሎ ከ100፣ ቻርጀሩ ብቻውን ግማሽ ኪሎ ሊሞላ ምንም አልቀረው። ባትሪ፣ ሃርድ ዲስክ፣ ኬብል 600 ግራም። የቀረው የቦርሳው የራሱ ክብደት ነው። ከተፈቀደልኝ 7 ኪሎ ውስጥ ሲሶው ያህል የሄደው ለባዶ ቦርሳ ነበር።

ወረቀቱን ይዤ ወደ ጋሼ ተመለስኩ። አይተውት ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። «ባለፈው ሰርግ 70-200ውን በስንት ፎቶ ተጠቀምሽበት?» ፎቶዎቹን ከፍቼ ቆጠርኩ። ከመረጥኳቸው ፎቶዎች ውስጥ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አብዛኛው በ24-70 እና በ85 የተነሳ ነው። ይህን እናንተም ዛሬ ማየት ትችላላችሁ። ፎቶው ራሱ በየትኛው ሌንስ እንደተነሳ መዝግቦ ይይዛል። የመጨረሻ ሦስት ሥራዎቻችሁን ክፈቱና ቁጠሩ። የማትጠቀሙበትን ለምን ትሸከማላችሁ?

ያን ቀን ማታ የምይዘውን ወሰንኩ። ሁለቱ ካሜራዎች አይቀሩም። የሰርግ ሥራ በአንድ ካሜራ አይሠራም፤ አንዱ ቢበላሽ ሙሽሮቹ ቀኑን አይደግሙልኝም። 24-70፣ 85 እና ተፈትቶ የተጠረገው 50። 70-200ው እዚህ ይቀራል፤ አዲስ አበባ የግድ ካስፈለገኝ ከሥራ ባልደረባ እዋሳለሁ። ፍላሹ ባትሪዎቹ ወጥተው ልብስ ውስጥ ተጠቅልሎ በሻንጣ ይሄዳል። ላፕቶፑ ስክሪኑ ስለተሰበረ መቀየሩ አልቀረም፤ ቆጥቤ ያገለገለ ባለ 13 ኢንች ማክቡክ ኤር ገዛሁ፣ 1 ኪሎ ከ290 ግራም ነው። ከክብደቱ ብዙ ከቀነሱልኝ ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ላፕቶፕ ልትቀይሩ ያሰባችሁ ካላችሁ መጀመሪያ እሱን ቀይሩ፣ ከዚያ ቦርሳ ፈልጉ። በሌላ መንገድ ከሄዳችሁ ሁለት ጊዜ ትገዛላችሁ።

አሁን ቦርሳ። በኢንተርኔት ብዙ አየሁ። ትዝ የሚለኝ ጂም ዶምኪ የሚባል አሜሪካዊ የጋዜጣ ፎቶ አንሺ ነው። በ1970ዎቹ ፊላዴልፊያ ውስጥ ለጋዜጣ ሲሠራ የነበሩት የካሜራ ቦርሳዎች ሳጥን መስለው አላሠራ ስላሉት ለራሱ ከሸራ ለስላሳ ቦርሳ አሠራ። ያ ቦርሳ እስከ ዛሬ ይሸጣል። ይህን ሳነብ አንድ ነገር ገባኝ። ሸራ እኛም ጋ አለ። ስፖንጅም አለ። ሰፊም አለ።

ጅማ መርካቶ ውስጥ የድንኳንና የመኪና ሽፋን ሸራ የሚሰፉ አንድ አባት ጋ ሄድኩ። ስፖንጁን ከሶፋ ሠሪዎች ነው ያመጣሁት። ጅማ የእንጨት ሥራ አገር ነው፣ ሶፋ የሚሠራበት ቤት አይጠፋም፤ ቁርጥራጩን በርካሽ ይሰጧችኋል። የፍራሽ ስፖንጅ አይደለም የምትፈልጉት። እሱ ለስላሳ ነው፣ ክብደት ሲያርፍበት ተጣብቆ ይቀራል። የሶፋ መቀመጫ ውስጥ የሚገባው ጠንካራው ነው። በአውራ ጣታችሁ ጫኑት። ጣታችሁ ታች ያለውን ጠረጴዛ ከነካ አይሆንም። መልሶ ጣታችሁን ከገፋው ይሆናል። ለጎንና ለመሃል ክፍፍሉ 1 ሳንቲ ተኩል፣ ለታች 2 ሳንቲ አስቆረጥኩ።

ሰፊው አባት መጀመሪያ «ንድፍ አምጪ» አሉኝ። ንድፍ አልነበረኝም። ዕቃዎቹን ጠረጴዛቸው ላይ ደረደርኩላቸው። ካሜራው 24-70 እንደተገጠመበት፣ ሌንሱ ወደ ታች ሆኖ ይቆማል። እንደዚያ ሲቆም ቁመቱ 20 ሳንቲ ይጠጋል። አጠገቡ ሁለተኛው ካሜራ ከ50ው ጋር፣ ከዚያ 85ቱ። ላፕቶፑ ከኋላ። የውስጡ ስፋት 34፣ ቁመቱ 25፣ ውፍረቱ 14 ሳንቲ ወጣ። ከውጭ ሲለካ 38 በ28 በ18 ገደማ ነው። ቦርሳ የምትገዙ ቢሆንም ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ካሜራውን ሌንስ እንደተገጠመበት ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ሱቁ ውስጥ አስገቡት። ሌንሱን ፈትታችሁ ብቻ የሚገባ ቦርሳ ሥራ ላይ ያስቆጣችኋል። ስዕሉ ላይ የምታዩት ቦርሳ ብዙ ጊዜ ከናንተ ባነሰ ካሜራ የተሞላ ነው።

ስለ ላፕቶፑ ኪስ ትንሽ ልቆይ፣ የተጎዳሁበት ስለሆነ። ኪሱ ወደ ሰውነቴ በኩል ነው። ከካሜራዎቹ የሚለየው ሙሉ ስፖንጅ አለ። ላፕቶፑን ሳስገባ ክዳኑ፣ ማለትም ስክሪኑ ያለበት ጎን፣ ወደ ወገቤ ነው፤ ጠንካራው የታችኛው ክፍል ወደ ሌንሶቹ። ቢገፋ እንኳ የሚገፋው ጠንካራውን ነው። ሌላው ደግሞ ኪሱ እስከ ቦርሳው ወለል አይደርስም። 3 ሳንቲ ከፍ ብሎ ይቆማል። ቦርሳውን ጠረጴዛ ወይም ወለል ላይ ሳኖረው ላፕቶፑ መሬቱን አይመታም። አብዛኛው ርካሽ ቦርሳ ይህ የለውም። ስትገዙ እጃችሁን ኪሱ ውስጥ እስከ ታች አስገቡ። ጣታችሁ የቦርሳውን ወለል ከነካ፣ ላፕቶፓችሁም ይነካዋል።

ሰፊው አባት ክዳኑ ላይ ቬልክሮ ሊያደርጉ ነበር። እምቢ አልኩ። ጅማ የምንሠራው ኒካህም አለ፣ ተክሊልም አለ። ሁሉም ዝም ብሎ ቃል በሚሰማበት ሰዓት ቬልክሮ ጨርቅ እንደሚቀደድ ጮሆ ሲከፈት የአዳራሹ ዓይን ሁሉ ወደ እናንተ ይዞራል። ደርሶብኛል። ይህን ያሰቡበት ቦርሳ ሠሪዎችም አሉ፤ የቲንክ ታንክ ሬትሮስፔክቲቭ ቦርሳዎች ቬልክሮውን የሚሸፍን ተጣጣፊ ጨርቅ አላቸው። የኔ በሁለት የብረት መንጠቆ ይያዛል፣ ከሥሩ ዚፕ አለ። በሥራ ሰዓት ዚፑ ክፍት ሆኖ ክዳኑ ብቻ ይሸፍናል። በመንገድና በገበያ ዚፑ ይዘጋል። ሐሙስ ሕርማታ ገበያ ቀን ስወጣ ሁለቱንም ዘግቼ ክዳኑን ወደ ሆዴ አዞረዋለሁ።

ማንገቻውን ወደ ጫማ ሰፊ ወሰድኩት። የልብስ መኪና ክር ለዚያ አይበቃም። በሰም በታሸ ክር፣ ከጎን አልፎ እስከ ታች ድረስ በእጁ ሰፋልኝ። ማንገቻው 5 ሳንቲ ስፋት አለው፣ ትከሻ ላይ የሚያርፍበት ቦታ ላይ የማያንሸራትት ላስቲክ አለ። ከአንገት አሻግሬ ነው የምይዘው። ቦርሳው ከወገቤ በታች ከወረደ ስራመድ ይወዛወዝና ክብደቱ እጥፍ ይሆንብኛል። ስለዚህ አሳጥሬ ዳሌዬ ላይ እንዲያርፍ አደርገዋለሁ።

ዝናብ። «ውሃ አያስገባም» የሚለውን ጽሑፍ አትመኑ። ጨርቁ ላያስገባ ይችላል። በስፌቱና በዚፑ ግን ይገባል። ፈተናው ቀላል ነው። ባዶ ቦርሳ ውስጥ ሶፍት በትናችሁ ዝጉት፣ ግቢ ውስጥ አስቀምጡና በጆግ ውሃ ከላይ አፍስሱበት። ከፍታችሁ የትኛው ሶፍት እንደራሰ እዩ። የኔ በዚፑ ጫፍ ገባ። ሰፊው አባት ክዳኑን በሁለቱም ጎን 4 ሳንቲ አስረዘሙልኝና ውሃው መግባቱ ቆመ። ያም ሆኖ የታጠፈ ወፍራም ላስቲክ ከፊት ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ አለ። ዶፍ ሲመጣ ቦርሳውን እንዳለ አለብሰዋለሁ።

ለሚበሩ ሰዎች ስለ ባትሪ። ትርፍ ሊቲየም ባትሪ ሁሉ ከናንተ ጋር ነው የሚገባው፣ ሻንጣ ውስጥ አይሆንም። ገደቡ ያለ ፈቃድ እስከ 100 ዋት አወር (Wh፣ ባትሪው የሚይዘው የኃይል መጠን) ነው። አንዳንዱ ባትሪ ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ከሌለ ሚሊ አምፒር አወሩን (mAh) በቮልቱ አባዙና ለ1000 አካፍሉ። ባለ 20,000 ፓወር ባንክ በ3.7 ቮልት 74 ይመጣል፣ ያልፋል። የካሜራዬ ባትሪ 1800 በ7.2፣ 13 ገደማ ነው። ባለ 30,000 ፓወር ባንክ ግን 111 ስለሚሆን ከገደቡ በላይ ነው፤ አየር መንገዱን ሳትጠይቁ ይዛችሁ አትሂዱ። የባትሪዎቹን ጫፍ በክዳናቸው ሸፍኑ፤ ክዳኑ ከጠፋ በፕላስተር። ቁልፍ ወይም ሳንቲም ነክቷቸው እንዳይያያዙ ነው። እኔ ሁሉንም በአንዲት ትንሽ ከረጢት አድርጌ ከፊት ኪስ ነው የምይዘው። ድንገት ቦርሳውን ስጪ ብባል፣ ከረጢቷን ብድግ አድርጌ ማውጣት ነው። አስፋልት ላይ መንበርከክ የለም።

ካርዶቹ ደግሞ ከሥራ በኋላ ቦርሳው ውስጥ አይገቡም። ሰርግ አልቆ ስወጣ ካርዶቹ አንገቴ ላይ ባለች ትንሽ ቦርሳ ውስጥ ናቸው፣ ከቀሚሴ ሥር። ሃርድ ዲስኩ ከላፕቶፑ ጋር በአንድ ቦርሳ አይጓዝም፤ ስመለስ በልብስ ሻንጣው ነው የሚሄደው። አንድ ቦርሳ ቢጠፋ የሰው ሰርግ አብሮ እንዳይጠፋ።

ኅዳር 2015 ላይ በአዲሱ ቦርሳ በረርኩ። ሁሉ ተሞልቶ 6 ኪሎ ከ300። ባዶው ቦርሳ 1 ኪሎ ከ200 ነው። መሰላሉ ሥር ስደርስ ልቤ ይመታ ነበር። ማንም ምንም አላለኝም። ገባሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ከፊቴ ካለው መቀመጫ ሥር ገፋሁት፤ ገባ። ሲነሳ በእግሬ ነካ ነካ እያደረግሁት ነበር፣ እዚያ መሆኑን ለማረጋገጥ።

ጉድለት የለውም አልልም። 6 ኪሎ በአንድ ትከሻ ቀኑን ሙሉ አይያዝም። ስለዚህ የማርፍበት ቤት ስደርስ ላፕቶፑንና ቻርጀሩን አውጥቼ እቆልፍባቸዋለሁ። ሥራ ላይ ይዤው የምውለው 5 ኪሎ የሚጠጋ ነው፣ ከዚያም ውስጥ አንዱ ካሜራ ሁልጊዜ እጄ ላይ ነው። ትከሻ በየሰዓቱ እቀያይራለሁ። ወገብ ወይም አንገት የሚያማችሁ ከሆናችሁ ግን የትከሻ ቦርሳ ይቅርባችሁ፤ ከመቀመጫ ሥር የሚገባ ትንሽ የጀርባ ቦርሳ ይሻላችኋል። ወደ ጎማና ማና ወረዳዎች ለቡና ሥራ ስሄድም እኔው ራሴ የጀርባ ቦርሳ ነው የምይዘው። ዳገት ነው፣ ሁለት እጅ ይፈለጋል።

ቦርሳዬ የካሜራ ቦርሳ አይመስልም። ቡናማ ሸራ ነው፣ ስም አልተጻፈበትም። ብዙ ሰው የመምህር ቦርሳ ይመስለዋል፤ በመንገድ ላይ ያ ለኔ ጥቅም ነው። ከውስጥ ክዳኑ ላይ ስልክ ቁጥሬን በማይለቅ ቀለም ጽፌበታለሁ።

እኔ በሰጠኋችሁ ልክ ልታሰፉ ካሰባችሁ አንድ ነገር አስተውሉ። ልኩ ለባለ 13 ኢንች ላፕቶፕ ነው። 15 ወይም 16 ኢንች ከሆነ የውስጡን ስፋት 39፣ ቁመቱን 29 ሳንቲ አድርጉት፣ ውፍረቱን ግን አትንኩት። ውፍረት ሲጨምር ከመቀመጫ ሥር አልገባ ይላል። ክብደቱም ላፕቶፑ ብቻ ወደ አንድ ኪሎ ስለሚጨምር፣ ሁለተኛውን ካሜራ ወይም ሌንሶቹን ከወዲሁ ከሂሳቡ አውጡ። ሸራውን ከመቁረጣቸው በፊት ደግሞ ውሃ ውስጥ ነክረው እንዲያደርቁት ሰፊውን ጠይቋቸው። የመጀመሪያው ሸራዬ ዝናብ ሲነካው 2 ሳንቲ ተሰብስቦ ላፕቶፑ አልገባ ብሎኝ፣ እንደገና ነው የተሰፋው።